ባሕር ዳርን ከውሃው በኩል ማየት፦ የጣናን ዳርቻና የታንኳን ቅርስ ለሚጎበኝ ሰው

ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ የሚያደርገው የታወቀ ነው። በዘንባባው ጥላ ሥር ይዞራል፣ ጢስ ዓባይ ሄዶ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ ይበላል። በማግሥቱ ይሄዳል። ከተማዋን አይቷል፤ ያያት ግን በአስፋልቱ በኩል ብቻ ነው። ባሕር ዳር የውሃ ከተማ ናት። መኪና ጎጃም ከመግባቱ በፊት ቡናውም፣ እህሉም፣ የማገዶ እንጨቱም፣ መነኩሴውም የሚመጣው በጣና ነበር። ዛሬም ይህ ሕይወት አልጠፋም። ማልዶ ለተነሳና የት እንደሚቆም ላወቀ ሰው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ዙሩ፦ «ይህ ነገር እዚህ በምን መጣ?» የቡና ጆንያ ስታዩ ጠይቁ። ደሴት ላይ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ስታዩ ጠይቁ። በብራና የተጻፈ መጽሐፍ ሲገለጥላችሁ ጠይቁ። መልሱ እየመራ ወደ ውሃው ይመልሳችኋል።

ሁለት ቀን ካላችሁ ይበቃል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ከታች ካሉት ውስጥ የዓሣ ማራገፊያውን፣ ታንኳውንና ዘጌን ያዙ።

1. ወቅቱንና ሰዓቱን ምረጡ

ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ሞልቷል። ጀልባ መውረጃው ድረስ ይጠጋል፣ ዳር ዳሩም ለምለም ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ውሃው ይሸሻል፣ ሙቀቱም ያይላል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጭቃው ይፈትናችኋል።

ከወቅቱ ይበልጥ ወሳኙ ግን ሰዓቱ ነው። ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥልቀቱ ግን እምብዛም ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጀልባውን ያንገጫግጨዋል፣ ልብሳችሁንም ያረጥባል። ስለዚህ የውሃ ጉዞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተጀምሮ እስከ ቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ማለቅ አለበት። ከሰዓት በኋላውን ለእግር ጉዞ ተዉት።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የሐይቁን ጸጥታ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በነበረው ግጭት ምክንያት ጉዞ የተቋረጠባቸው ጊዜያት አሉ። ዘመድ ካላችሁ ለዘመድ፣ ከሌላችሁ ለምታርፉበት ሆቴል ደውሉ። «ዘጌ ጀልባ እየሄደ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

የምትይዙት፦ ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ኮፍያ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ፣ ካልሲ፣ የሚጠጣ ውሃና ዝርዝር ብር። ዝርዝሩን አትርሱ። ደሴት ላይ ድፍን ብር የሚዘረዝር ሱቅ አታገኙም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እሱም የምር ነው። ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፤ ዳር ላይም እግራችሁን ነክራችሁ አትቀመጡ። ጣና ዳር ብልሃርዝያ አለ፤ ውሃ ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው በሽታ ነው። በአጋጣሚ ውሃ ውስጥ ከገባችሁ ቶሎ ወጥታችሁ በፎጣ ጥርግ አድርጉ። ወደ አገራችሁ ስትመለሱም ለሐኪም ንገሩት።

2. ማልዳችሁ ዓሣ ማራገፊያው ላይ ተገኙ

ለባጃጅ ነጂው «ዓሣ የሚወርድበት ቦታ አድርሰኝ» በሉት። ያውቀዋል። ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጀልባዎቹ ይገባሉ። ማታ የተጣለው መረብ ተስቦ ዓሣው እየተለቀመ ነው። ቢላዋ የያዙት ልጆች ሆዱን ሰንጥቀው፣ ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው እስኪጨርሱ ዓይናችሁ እኩል አይሮጥላቸውም። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተኮልኩለው ሆድ ዕቃውን ይጠብቃሉ። ሰው አይፈሩም። አንዱ ሲወረወርለት አሥሩ ይንጫጫሉ።

እዚህ ላይ ሦስት ዓሣ መለየት ልመዱ። ጠፍጠፍ ብሎ ጀርባው ላይ እሾሃማ ክንፍ ያለው ቀረሶ ነው። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ ቅርፊት የሌለው፣ አፉ ዙሪያ ጢም ያለው አምባዛ ነው። ረዘም ብሎ የሚያብረቀርቀው ባለ ቅርፊት ደግሞ ነጭ ዓሣ ይባላል። ነጭ ዓሣውን በደንብ እዩት። ከደርዘን በላይ የሆኑ የእሱ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የጣለ ሰው የሚያጠምደው የከርሞውን ዓሣ ጭምር ነው። ስለዚህ በክረምት ነጭ ዓሣ ባታዙ ደስ ይለኛል። ቀረሶ ብሉ።

ሥራ ላይ ያለ ሰው ጋ ስትደርሱ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሉ። «እንደምን አደራችሁ፣ በርቱ!» በቂ ነው። «አብረን እንበርታ!» ካሏችሁ ተፈቅዶላችኋል ማለት ነው። ዝም ካሏችሁ ትንሽ ቆዩ።

3. ታንኳውን በቅርብ እዩ

ለዚህ ጊዜ ስጡ። ባሕር ዳር ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቅርስ አለ ብዬ አላምንም።

የጣና ታንኳ ከእንጨት አትሠራም። ከደንገል ነው የምትሠራው፤ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ ጭራ ካለው ረጅም ተክል። ግብፃውያን ጥንት ወረቀት የሠሩበት ያው ተክል ነው። ወድቆ ያገኛችሁትን አንድ አገዳ ስበሩና ተመልከቱ። ክብ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን ነው። ልጡ ለስላሳና ጠንካራ ነው። ውስጡ ነጭ፣ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ በጣታችሁ ስትጫኑት ይሰረጉዳል። ታንኳዋን የሚያንሳፍፋት በዚያ ቀዳዳ ውስጥ የታፈነው አየር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደንገሉ ከሥሩ ይቆረጣል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አረንጓዴነቱ ለቆ ገለባ መልክ እስኪይዝ ይደርቃል። ከዚያ እየተነባበረ መሐሉ ወፈር፣ ጫፉ ቀጠን ያለ ነዶ ሆኖ በገመድ ይጠበቃል። ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ወለሉና ጎኑ ይወጣሉ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ተቀልብሶ በገመድ ይወጠራል፣ ማዕበሉን ሰንጥቃ እንድታልፍ። ሰው ወይም ጭነት የሚያርፍበት ሌላ የደንገል ንጣፍ ደግሞ ውስጧ ይደረጋል፤ ዕቃው ከውሃው ከፍ እንዲል። ምስማር የለም፣ ሙጫ የለም። ያለው ገመድና ጉልበት ነው። ገመዱን ሲያጠብቁ ሰውየው እግሩን ነዶው ላይ ተክሎ በሙሉ ሰውነቱ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ታያላችሁ። ታንኳዋ የምትበረታውም የምትፈታውም በዚያች ቅጽበት ነው። ላላ ያለ ነዶ ውሃ ይጠጣል።

ደግሞም ማንኛዋም ታንኳ ውሃ መጠጣቷ አይቀርም። ለዚህ ነው ከሥራ ስትመለስ ከውሃ ተጎትታ ወጥታ የምትቆመው። ዳር ላይ ተገትረው የምታዩአቸውን ታንኳዎች የተጣሉ እንዳይመስሏችሁ፤ እየደረቁ ናቸው። እንዲያም ሆኖ የአንዷ ዕድሜ ከጥቂት ወራት አያልፍም። ትበሰብሳለች፣ ሌላ ትሠራለች። መቶ ዓመት የሞላት ታንኳ በየትኛውም ሙዚየም አታገኙም። የሚወረሰው እጅ ላይ ያለው ሙያ ነው። ያ ሙያ ለአንድ ትውልድ ከተቋረጠ ከየትም መልሶ ማምጣት አይቻልም።

የዚህ ሙያ ባለቤቶች በዋናነት ነገደ ወይጦ ናቸው። ከጥንት ጀምሮ በጣና ዙሪያ የኖሩ፣ በአንድ ወቅት ጉማሬ አዳኝ የነበሩ፣ ዛሬም ታንኳ የሚሠሩ፣ ከደንገልና ከሣር ሌማትና ቅርጫት የሚሰፉ ሰዎች ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አሁን የሚናገሩት አማርኛ ነው። ለረጅም ዘመን ብዙ ንቀት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ወደ መንደራቸው ስትሄዱ ሰው ቤት እንደምትገቡ ሆናችሁ ሂዱ። ጠያቂው ወጣት፣ ሠሪው አዛውንት ከሆኑ «አባባ፣ ሲሠሩ ቆሜ ባይ ቅር ይልዎታል?» ይባላል። ካሳዩአችሁ ለጊዜያቸው ክፈሉ፣ ወይም የሠሩትን ግዙ። ልጆቹን አሰልፋችሁ ፎቶ አታንሱ።

ደንገሉ ራሱ እየራቀ መሆኑንም ታስተውላላችሁ። ከተማው ሲሰፋ፣ እርሻው ወደ ውሃው ሲገፋ ዳሩ ላይ የነበረው ደንገል ተመነጠረ። የዓሣው መራቢያና የወፎቹ መጠጊያም እዚያው ነበር። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። መዝገቡ ጥሩ ነው። ደንገሉ ካለቀ ግን ታንኳ ሠሪው ምን ይዞ ይሠራል?

የደንገል ጀልባ ምን ያህል እንደሚችል ለሚጠራጠር አንድ ታሪክ ልንገረው። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። ግብፅ ውስጥ ከቻድ በመጡ ሠሪዎች እጅ ተሠርታ «ራ» የተባለችው ጀልባ በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን አብዛኛውን ከተጓዘች በኋላ ተፈታች። በተከታዩ ዓመት የተሠራችው «ራ ሁለት» ባርባዶስ ደረሰች።

በታንኳ መሳፈር ከፈለጋችሁ ዳር ዳሩን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን። ላይፍ ጃኬት ከሞተር ጀልባ ሰዎች ተከራዩና ልበሱ። ስትገቡ መሐሏን ርገጡ፣ ወዲያው ተቀመጡ፣ ከተቀመጣችሁ በኋላ አትነሱ። ስልካችሁን ፌስታል ውስጥ አስሩ። መቀመጫችሁ ትንሽ መርጠቡ አይቀርም፣ ያ የተለመደ ነው። ቀዛፊው ረጅሙን ሽመል አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሲያደርግ አብራችሁ አትወዛወዙ። ሚዛኑን የሚጠብቀው እሱ ነው።

4. ዳርቻውን በእግር ተከተሉት

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀምሩ። ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት እዚህ የነበረችው መንደር ባሕር ጊዮርጊስ ትባል ነበር። በግቢው ውስጥ ከድንጋይ የተሠራ ባለ ፎቅ አሮጌ ሕንጻ አለ። ያሠራው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ነው ይባላል። ይህ ሰው ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይን ምንጭ ጎጃም ውስጥ ሰከላ ላይ ያየ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ምንጩን አገኘሁ ብሎ የደነፋው ከዚያ 150 ዓመት ቆይቶ ነው። ሁለቱም ደግሞ ሰከላ የደረሱት የአገሩ ሰው መንገድ እያሳያቸው ነው። ይህን ልጆቻችሁ ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ከዚያ ወደ ወደቡ ውረዱ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ባሕር ዳርን በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ካለችው ጎርጎራ ጋር በሞተር ጀልባ አገናኝቶ ነበር። በኋላም በዚያው መስመር በመንግሥት ትራንስፖርት መርከብ ሰውና ጭነት ሲመላለስ ኖረ፤ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ። መንገደኛው ቁንዝላ አድሮ በማግሥቱ ጎርጎራ ይገባ ነበር። የዕድሜ ባለጸጋ ካገኛችሁ ስለዚያ ጉዞ ጠይቁ። ማን የት እንደሚሳፈር፣ በግ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚጫን፣ ማዕበል ሲነሳ ሴቶቹ ማንን እንደሚጣሩ ይነግሯችኋል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውሃ በጣም ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች መሄድ አቅቷቸው ነበር። ያኔ ነው ብዙ ሰው ጣና ሊጎድል እንደሚችል የገባው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና ተጉዛለች። መርከብ አስፋልት ላይ ስትሄድ ለማየት ሕዝቡ በየከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር።

ማታ ዓሣ ብሉ። ጉላሹም ለብለቡም አይከፋም። እኔ የምመርጠው ሙሉ ቀረሶ በዘይት ተጠብሶ ከሎሚና ከአዋዜ ጋር ነው። በእጅ ነው የሚበላው፣ እሾሁን እየለቀሙ። በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወደዳል፤ ቶሎም ያልቃል።

5. የሞተር ጀልባ ስትከራዩ

ጀልባውን ከዋዜማው ተነጋገሩ። ጠዋት ወደብ ላይ ቆሞ መከራከር ጸጥተኛውን ሰዓት ያባክናል። ከጀልባ ማኅበራቱ ወይም በሆቴላችሁ በኩል ማግኘት ይቻላል። መንገድ ላይ ከሚከተላችሁ ደላላ ጋር አትስማሙ።

ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት እነዚህን አጥሩ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? የትኞቹን ቦታዎች ይነካል? እያንዳንዱ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? አስጎብኚ አብሮ ይመጣል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? የገዳማቱ መግቢያ ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱን እዚያው ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝም ትቀበላላችሁ። ከጀልባው ኪራይ ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ስጡ።

ጀልባው ላይ ስትወጡ ላይፍ ጃኬት ቁጠሩ። በሰው ልክ ከሌለ አትነሱ። «ችግር የለም፣ ቅርብ ነው» ቢሏችሁም አትነሱ። ነዳጁ መሙላቱን ጠይቁ፣ ጣራ መኖሩንም እዩ። የጣና ፀሐይ ውሃው ላይ አንጸባርቆ ከታችም ይመታል።

ሌላው እምቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረው ይህ አረም በብዛት ያለው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ቢሆንም ቁርጥራጩ ከደረሰበት ቦታ ሁሉ ያቆጠቁጣል። ሐምራዊ አበባው ያምራል። አትልቀሙት፣ ይዛችሁም አትሂዱ። የጀልባው ጎን ላይ ተጣብቆ ካያችሁ ለነጂው ንገሩት።

6. ደሴቶቹና ዘጌ

ቅርቡ ደብረ ማርያም ነው፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ። ጊዜ ከሌላችሁ እሱን ብቻ አይታችሁ ተመለሱ። ቀጥሎ ጎን ለጎን ያሉት ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ናቸው። ክብራን ሴት አይገባም፤ እንጦስ ይገባል። በክብራን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተጻፈ ባለ ሥዕል ወንጌል አለ። ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንዱ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሌላውን ሲጠብቅ ቅሬታ እንዳይፈጠር ዘጌ ላይ ያሉትን ዑራንና አዝዋን ምረጡ።

መነኮሳቱን «አባ»፣ መነኩሴዪቱን «እማሆይ» በሉ። መስቀል ሲያቀርቡላችሁ ተሳለሙ። ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነ እጅ ነስታችሁ ብትቆሙ ማንም አይቀየምም። ጫማ ደጅ ይወልቃል። ፍላሽ አብርቶ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደሴት አይደለም፣ ወደ ሐይቁ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከጀልባ ስትወርዱ ወዲያው ጥላው ይቀበላችኋል። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያለው ቡና ነው። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ የቀንድ ከብትም አይረባም። አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡ ሳያርስ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀበሉ ተብሎ ይታመናል። በዚህ ቃል ኪዳን ምክንያት ነው ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር የዘጌ ደን እስከ ዛሬ የቆየው።

እዚህ ጋ ያንን ጥያቄ አንሱ። የማያርስ አገር እንጀራው ከየት ይመጣል? በውሃ ነዋ! ቡናውና ማገዶው በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ጤፉ በዚያው ታንኳ ይመለሳል። ጠዋት ስትሄዱ እንጨት የተቆለለባት ታንኳ ከፊት ለፊታችሁ ስትመጣ ካያችሁ የዘጌን ኢኮኖሚ አያችሁት። ነጂያችሁ ፍጥነቱን ካልቀነሰ «ቀስ በልላቸው ወንድሜ» በሉት። የሞተሩ ማዕበል ዝቅ ብላ የምትሄደውን ታንኳ ሊገለብጣት ይችላል።

ከመውረጃው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በደኑ ውስጥ ዳገት ትወጣላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ቅኔ ማኅሌቱን አልፋችሁ ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ለሁሉም አትቸኩሉ። አንድ ግድግዳ ምረጡና ቁሙ። በላዔ ሰብእን ፈልጉ፦ ስንቱን ሰው የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለማኝ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ሚዛኑ ሲያደላለት። ከዚያ ዕቃ ቤቱን ጠይቁ። ዘውዶች፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት አሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ ጦርነት ጊዜ ከየአድባራቱ የሸሸው ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ገዳማት ነው የገባው። የተሻገረውም በእነዚሁ የደንገል ታንኳዎች ነው። አባን «ይህ መጽሐፍ በምን መጣ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ታሪኩን ከራሳቸው አፍ ትሰማላችሁ።

ስትመለሱ ከመንገዱ ዳር ሴቶቹ ቡና ያፈላሉ። ቁጭ በሉ። ጥሬ ቡና ከገዛችሁ ከባለቤቷ ግዙ።

ሌላ ቀን ካላችሁ ደቅ ደሴት ሂዱ፤ በጀልባ ወደ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እዚያ ናት። በግድግዳዋ ላይ እቴጌዪቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። አጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ አፄ ዘርዓ ያዕቆብንና አፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት አፅም የሚገኝበት ነው። እዚያ የሚገባው ወንድ ብቻ ነው።

7. ዓባይ ሲወጣ ተከተሉት

ከዘጌ ስትመለሱ ነጂው በዓባይ መውጫ በኩል እንዲዞር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ደንገል ገና በብዛት የምታዩት እዚህ ነው። ጉማሬም አለ። ነጂው ለማስደሰት ብሎ ከተጠጋ «ይበቃል» በሉ። ጉማሬ ከተቆጣ ጀልባ ይገለብጣል።

በየብስ ደግሞ ድልድዩ ላይ ቁሙ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ካለበት ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ካያችሁ ሐይቁ፣ ከተማውና ወንዙ እንዴት እንደተያያዙ በአንድ ዓይን ይታያችኋል።

መውጫው ላይ ጨራ ጨራ የሚባል የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ የሚለካው እሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ውሃውን በሐይቁ ምዕራብ በኩል በዋሻ ይወስዳል። ጢስ ዓባይ ሄደው «ፎቶው ላይ እንዳየሁት አይደለም» የሚሉ ሰዎች ምክንያቱ ይህ ነው። ፏፏቴውን ሞልቶ ማየት ከፈለጋችሁ ነሐሴ ወይም መስከረም ሂዱ። በበጋ ከሆነ ውሃ የሚለቀቅበትን ቀን ጠይቁ።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጢስ ዓባይ ከተማ ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአላታ ድልድይ በኩል ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ዛሬም ሰውና አህያ ይሻገርበታል። ዳገትና ድንጋይ አለው። ሌላው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳው መሄድ ነው፤ ለእናት ለአባት የሚመቸው ይህኛው ነው። ጉልበት ካላችሁ በድልድዩ ሂዱና በጀልባው ተመለሱ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል ከተማዋ ላይ ሳትነሱ ጠይቁ። ወደ ባሕር ዳር የሚመለሰው መኪናም ከሰዓት በኋላ እየሳሳ ስለሚሄድ ከ9 ሰዓት በፊት መናኸሪያው ድረሱ።